የታንኳ ቀዛፊው እንግሊዝኛ

«ዓሣ ማጥመድ ደግሞ የኛ ሰው ወግ ነው እንዴ?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ትችት ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት ላይ የሚያተኩር ነው። ድርሰቱ በሜክሲኮ ሀገር፣ ደን በከበበው ወንዝ ላይ፣ ታርፖን የሚባል ግዙፍ ዓሣ ሊይዝ ስለወጣ አንድ አሜሪካዊና እሱን በታንኳ ሲያዞር ስለዋለ አንድ የሀገሩ ተወላጅ ያወራል። አሜሪካዊው ተቀምጦ ያጠምዳል፤ ተወላጁ ይቀዝፋል። ማታ አሜሪካዊው ብዕሩን ያነሣል፤ ተወላጁ ታንኳውን ያስራል። ከዚህ መጽሔት አንባብያን መካከል ሰው አሳፍሮ በማመላለስ የሚተዳደረው ጥቂት ስላልሆነ፣ ጉዳዩ ከኛ የራቀ አይመስለኝም።

ደራሲው ዜን ግሬይ ይባላል። ድርሰቱ የሚገኘው በ1919 በታተመው «ቴልስ ኦቭ ፊሽስ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ነው፤ እኛ «የዓሦች ወጎች» ልንለው እንችላለን። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የድርሰቱ ርእስ «ባይምባይ ታርፖን» የሚል ነው። ይህን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉት። አታላኖ የተባለው የታንኳ ቀዛፊ የተናገረው እንግሊዝኛ ነው። «ባይ ኤንድ ባይ» ለማለት ነው፤ ኋላ፣ ቆየት ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደማለት። ግሬይ ጆሮው እንደሰማው አድርጎ ጻፈው፤ ጣፈጠውና ርእስ አደረገው። እንግዲህ ወደ ድርሰቱ የምንገባው በቀዛፊው አፍ በኩል ነው ማለት ነው። ከገባን በኋላ ግን ለባለ አፉ ምን ያህል ቦታ ተሰጥቶታል? የኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

ግሬይን በስሙ የማታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ደጃፍ ተጋፍተን የካውቦይ ፊልም ያየን ሁሉ፣ ያን ዓይነቱን ታሪክ በመጽሐፍ ካስፋፉት ደራስያን አንዱ እሱ መሆኑን ብናውቅ አይከፋም። በ1872 በኦሃዮ ግዛት ዜንስቪል በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ሠራ፤ ኋላም ጉጠቱን ጥሎ ብዕር አነሣ። በ1912 ያሳተመው «ራይደርስ ኦቭ ዘ ፐርፕል ሴጅ» ዝናውን አናኘው። ካውቦዮቹ ያመጡለትን ገንዘብ ዓሣ በላው ማለት ይቻላል። ከፍሎሪዳ እስከ ኒው ዚላንድና ታሂቲ መንጠቆ ይዞ ሲዞር ኖሮ በ1939 ዐረፈ።

አሁን ስለ ዓሣው ልናገር፤ ዓሣው ካልገባን የቀዛፊው ሙያ አይገባንም። ታርፖን 2 ሜትርን የሚያልፍ ርዝመት ሊኖረው የሚችል ዓሣ ነው። የትልቁ ታርፖን አንዲት ቅርፊት የሰው መዳፍ ታህላለች፤ ጎኑም ገና ከአንጥረኛ እጅ እንደወጣ ብር ያብለጨልጫል። በመንጠቆ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ተብሎ በዓለም አቀፍ መዝገብ የሰፈረው 130 ኪሎ ግራም ያህል የመዘነ ሲሆን፣ የተያዘውም በ2003 በጊኒ ቢሳው ነው። አዎን፣ አፍሪካ ውስጥ። ፈረንጆች ስለ ታርፖን ሲጽፉ ፍሎሪዳን፣ ሜክሲኮንና ኮስታ ሪካን ያነሣሉ እንጂ፣ ዓሣው ከአትላንቲክ ወዲህ ማዶም ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ይገኛል። ዕድሜውም የዋዛ አይደለም። ቺካጎ በሚገኘው የሼድ የውሃ እንስሳት ማሳያ በ1935 የገባ አንድ ታርፖን እስከ 1998 ኖሯል። ጣልያን ሲወረን ገብቶ የባድመ ጦርነት በተነሣበት ዓመት ሞተ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አተነፋፈሱ ነው። አምባዛን የምታውቁ፣ ውሃው ሲደፈርስና አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ አየር እንደሚጎርስ ታስታውሳላችሁ። ታርፖንም በሌላ መንገድ ያንኑ ያደርጋል። በስንጥቡ ብቻ ሳይወሰን፣ በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት እንደ ሳንባ ስለሚያገለግለው፣ ወደ ላይ እየወጣ አየር ይውጣል። በዚህ ምክንያት ሌላው ዓሣ መኖር በማይችልበት፣ በደፈረሰና በረጋ የጫካ ውሃ ውስጥ ይመቸዋል። አየር ሲጎርስ ጀርባው ከውሃው በላይ ገልበጥ ይላል፤ አጥማጁም ዓሣው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚሁ ነው። ነገር ግን የሚገላበጥ ዓሣ ሁሉ የራበው ዓሣ አይደለም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ድርሰቱ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ግሬይ ያጠመደው መንጠቆውን ከታንኳ ኋላ በማስጎተት ነበር። ዛሬ በዚያው ዓይነት ወንዝ ላይ የሚከበረው ዘዴ ሌላ ነው፤ ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል። ቃሉ ዝንብን ቢያነሣም ለታርፖን የሚሆነው ዝንብ አይመስልም፤ ላባና ጠጉር ትልቅ መንጠቆ ላይ ታስሮ ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የተደረገ ነገር ነው። ላባ ክብደት ስለሌለው ራሱ አይወረወርም። የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ 2.7 ሜትር ገደማ በሆነ ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተወነጨፈ ላባውን ይዞት ይሄዳል። በልጅነቱ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የታርፖን አፍ እንደ አጥንት የጠጠረ በመሆኑ መንጠቆው በቀላሉ አይሰካም። ተሰክቶ ዓሣው ወደ ሰማይ በዘለለ ጊዜ ደግሞ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ዓሣው ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ማለት አለበት፤ ክሩ ካልላላለት ይበጠሳል፣ አለዚያም መንጠቆው ይነቀላል። ይህን ጎንበስ ማለት «ለንጉሥ እጅ መንሣት» ይሉታል። እጅ መንሣት ምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ማብራሪያ አልጨምርም።

ወደ ድርሰቱ እንመለስ። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ቦታው ታምፒኮ ከተማ አጠገብ የሚፈሰው ሰፊው የፓኑኮ ወንዝ። ግሬይ የሚስለው ገነትን ነው፤ ዘንባባው፣ ወፎቹ፣ ብርቱካንና ሙዝ ጭነው ቁልቁል የሚወርዱት ከግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎች። እዚህ ላይ ሰውየው የተዋጣለት ጸሐፊ መሆኑን መካድ አይቻልም። ግን አታላኖን ሲያስተዋውቀን ምን ያስቀድማል? ሰውነቱን። ቀጥ ያለ ቁመናውን፣ አረማመዱን፣ የሞንቴዙማ ዘር ነው መባሉን፣ ልብሱን፣ ጫማ ነክቶት የማያውቀውን እግሩን። ሠዓሊ ቢያየው ቆሞ የሚቀር ዓይነት ሰው ነው ይለናል። ታላቅ ሙያተኛ መሆኑንም ያነሣል፤ ግን ያነሣል እንጂ አያሳይም። አንድ ደንበኛ ወደ መኪናዬ ገብቶ የፊቴን መልክና የአባቶቼን ነገሥታት አድንቆ ሲያበቃ፣ ሀያ ደቂቃ ያተረፈለትን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሳያስተውል ቢወርድ እንዲሁ ያለ ነገር ይሆናል።

ቀጥሎ ያለውን በጥሞና አንብቡልኝ። ጠዋቱን ሙሉ ወንዙን ሽቅብና ቁልቁል ሲሉ ይውላሉ፤ ምንም የለም። ከዚያ የባሕሩ ውሃ እየሞላ ወደ ወንዙ መግባት ሲጀምር ታርፖኖቹ በያለበት ይገላበጡ ጀመር። ወንዙ በብር የተሸፈነ እስኪመስል ድረስ። ግሬይ በመካከላቸው እየተጎተተ ላንድ ሰዓት ያህል ይሞክራል፤ አንዱም አይነክስለትም። ይሄኔ ነው አታላኖ አፉን ከፍቶ ያንን የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው። ግሬይም ይህን የሚያቀርብልን እንደ አንድ የእንግሊዝኛ ናሙና ነው፤ ቅርስ ቤት ውስጥ በመስተዋት እንደሚቀመጥ ዕቃ። አንባቢው ፈገግ እንዲል ነው።

እኔ እዚህ ሀገር ከመምጣቴ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበርና፣ ይህን አረፍተ ነገር እንደ ደብተር አርሜ ላሳያችሁ። ግስ የለውም፤ እውነት ነው። አጠራሩም ተዛብቷል። ትርጉሙ ግን ምንድነው? በዙሪያቸው መቶ ዓሣ እየተገላበጠ ሳለ ሰውየው «ኋላ ነው ታርፖን» አለ። ማለትም፦ ይህ ሁሉ የምታየው ዓሣ አየር እየወሰደና እየተጫወተ ነው እንጂ አልራበውም፤ በከንቱ አትድከም፤ ውሃው ሞልቶ ሲያበቃ የሚበላበት ሰዓት ይመጣል፤ ያኔ ትይዛለህ። ይህ ሁሉ በሁለት ቃል ተነግሯል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የዓሣን ጠባይ ያጠና ሰው በአንድ ገጽ የሚጽፈውን አታላኖ በባዕድ ቋንቋ በሁለት ቃል አሳጠረው። ከኔ ተማሪዎች ማናቸውም ቢሆን እንዲህ ያለ ማጠቃለያ ጽፎልኝ አያውቅም።

ደግሞም ትክክል ሆነ። ቀትር ላይ መገላበጡ አበቃ። አታላኖ ወንዙን አቋርጦ ከወንዙ ጋር ወደምትገናኝ አንዲት ጠባብ ውሃ አፍ ወሰደው፤ ጥላ ሥር ሆነው ምሳቸውን መብላት ጀመሩ። ድንገት ፊት ለፊታቸው ውሃው ፈነዳ። ታርፖኖቹ ተሰብስበው የውሃይቱን አፍ ዘግተው፣ ሙሌት የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች እያሳደዱ ይበሉ ጀመር። ግሬይ የዓሣውን ትልቅነትና ቅርበት ሊነግረን ሲፈልግ አታላኖ ሳንድዊቹን ከእጁ እንደጣለ ይጽፋል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ወድጃታለሁ፤ ጥሩ ጸሐፊ ሚዛን ሳያወጣ ሲመዝን ይህን ይመስላል። ግን ደግሞ ተመልከቱ፤ የሰውየው ድንጋጤ መለኪያ ሆኖ አገለገለ እንጂ፣ ሰውየው ዓሣ በሚመጣበት ሰዓት ዓሣ በሚመጣበት ቦታ ምሳ ለመብላት መቆሙ በአጋጣሚ የሆነ መስሎ ታለፈ። ወንዙን ማቋረጡ የተነገረው በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያው ገጽ ላይ ሽመላዋ፣ ዳክዬዋና በቀቀኑ ከእሱ የሚበልጥ ቦታ አግኝተዋል።

ከዚያ አታላኖ ያችኑ ቃል ይደግማል። «ባይምባይ ታርፖን!» አሁን ግን ትርጉሟ ተለውጧል። ጠዋት «ታገሥ» ነበረች፤ አሁን «ተነሥ፣ መጣልህ!» ሆናለች። ግሬይም ዘንግ መያዙን ረስቶ እንደነበርና በዚህ ቃል እንደነቃ ሳይሸሽግ ይነግረናል። አንድ ቃል ለሁለት ተቃራኒ ነገር ሲያገለግል የእንግሊዝኛ አንባቢ የቃል ድህነት ይመስለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን እንዲህ አይመስለውም። «ቆይ» የምትለዋን ቃላችንን አስቧት። ለሚቸኩል ሰው «ቆይ» እንላለን፤ ታገሥ ለማለት። ለሚያስቀይመን ሰው «ቆይ!» እንላለን፤ ታገኛታለህ ለማለት። ልጅ ስናባብልም «ቆይ» ነው፤ አመጣልሃለሁ ለማለት። ልዩነቱ በድምፅ ነው። ስለዚህ እኔ ርእሱን ብተረጉመው «ቆይ፣ ታርፖን» እለው ነበር፤ ያን ጊዜ የአታላኖ ንግግር ሙሉ ሰው የተናገረው ሙሉ ንግግር ይሆናል። የተሰበረው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ነው።

እዚህ ላይ ፈረንጅን ብቻ ከሰን ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በኛም መድረክ፣ በሬዲዮና በካሴት፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነውን ወገናችንን አነጋገር እየቀዱ ሕዝብ ማሳቅ የቆየ ልማድ ነው። «እሱ» እና «እሷ» ያምታታ ገበሬ፣ «ቀ»ን «ከ» ያለ ነጋዴ፣ ገና ከመናገሩ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሰውየው የተናገረው ስለ ዋጋ ይሁን ስለ ዳኝነት፣ ስለ ልጁ ሞት ይሁን፣ ማንም አይሰማውም። ዛሬ ደግሞ እኛ በተራችን በየጠረጴዛው፣ በየስልኩ፣ በየመስኮቱ «ይቅርታ፣ ድገምልኝ» የምንባል ሆነናል። ከአሥራ አምስት ዓመት ማስተማር በኋላ እንኳ «እንግሊዝኛህ እኮ ጥሩ ነው!» ይሉኛል፤ ምስጋና መሆኑ ነው። ነገሩን በሁለቱም ወገን ስላየነው፣ የግሬይን ገጽ ከሱ ሀገር ሰዎች ይልቅ እኛ በደንብ እናነበዋለን ባይ ነኝ።

«ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፤ ዘመኑ ተለውጧል» የሚል ይኖራል። እስቲ እንይ። አንድ ምሽት ከአውሮፕላን ማረፊያ ያሳፈርኩት ሰው ረጅም የዘንግ ማኅደር ይዞ ነበር። ኒካራጓ ውስጥ በሳን ሁዋን ወንዝ ላይ በፍላይ ታርፖን ሲያጠምድ ሰንብቶ መመለሱ ነው። ወንዙ ከትልቁ የኒካራጓ ሐይቅ ወጥቶ በደን መካከል አልፎ ወደ ካሪቢያን ባሕር የሚፈስ ሲሆን፣ ታርፖን ሽቅብ እስከ ሐይቁ ድረስ ይወጣበታል። በወንዙ ዳር ቦካ ዴ ሳባሎስ የምትባል ከተማ አለች፤ ሳባሎ በዚያ ሀገር ስፓኒሽ ታርፖን ማለት ነው። እንግዲህ ፈረንጁ ላባውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ሰዎቹ ሀገራቸውን በዓሣው ስም ጠርተዋል። ተሳፋሪዬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲተርክልኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ታንኳ መሪው ዓሣውን ከማየቱ በፊት አየር ሲጎርስ ድምፁን ሰምቶ አቅጣጫውን በጣቱ እንዳሳየው፣ ወደዚያ በጨለማ ሲወረውር ዓሣው እንደያዘለት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደታገለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንደለቀቀው ነገረኝ። ጥሩ ተራኪ ነበር፤ ሜትሩን ረስቼ ነበር ማለት ይቻላል። መሪው ማን እንደሚባል ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «የሀገሬው ሰው ነው፤ ግሩም ሰው» አለኝ።

ነገሩ ከስም በላይ ነው። ዓሣውን የመልቀቅ ልማድ የሚያስመሰግን ነው። ታርፖን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ከተጋለጡት ዓሦች ተርታ የተጻፈ ሲሆን፣ ፍሎሪዳም ከ2013 ጀምሮ ታርፖን የያዘ ሰው መልሶ እንዲለቀው ደንግጋለች። ግን የዓሣው መለቀቅ አንድ ነገር አስከትሏል። ድሮ ዓሣ አጥማጅ ማታ ዓሣ ይዞ ይገባ ነበር፤ ዓሣ ደግሞ ይከፋፈላል፣ ይሸጣል፣ ይጠበሳል፤ ቀዛፊውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። አሁን ዓሣው ወደ ወንዙ ተመልሶ ይሄዳል። ከቀኑ ሥራ የሚተርፈው ወሬው ብቻ ነው። ፎቶግራፉ፣ ትረካው፣ በመጽሔት ላይ የሚወጣው ጽሑፍ፤ ምርቱ ይኸው ነው። ወሬው ምርት ከሆነ ደግሞ የወሬው ባለቤት ማነው ብሎ መጠየቅ የሥራ ሰው መብት ነው። ድምፁን ሰምቶ ጣቱን የዘረጋው ሰው ከአዝመራው የደረሰው ቲፕ ነው። ግሬይ ቢያንስ አታላኖን በስሙ ጠርቶታል፤ ይህን ለክብሩ እመዘግብለታለሁ። የ1919ኙ ደራሲ ከኔ ተሳፋሪ በዚህ በኩል ይሻላል።

ስለ ዓሣ አጥማጅ መሪ የተጻፈ የተሻለ ነገር የለም ወይ ካላችሁ አለ። ቶማስ ማክጓን በ1973 ያሳተመው «ናይንቲ ቱ ኢን ዘ ሼድ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። ቦታው ደን ያለው ወንዝ ሳይሆን የፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው፤ ዓሣው ግን ታርፖንም አለበት፣ ዘዴውም ፍላይ ነው። ዋናው ሰው ቶማስ ስኬልተን የተባለ፣ የዓሣ አጥማጅ መሪ ለመሆን የቆረጠ ወጣት ነው። በሥራው ላይ የቆየ አንድ መሪ ግን በዚህ ባሕር ደንበኛ ይዘህ ብትወጣ እገድልሃለሁ ይለዋል። የታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው ይህን ጠብ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ያነበዋል፤ መጨረሻውን ለምታነቡት እተወዋለሁ። እዚህ ታንኳ የሚመራው ሰው የሚያስብ፣ የሚሳሳት፣ የሚቀልድ ሙሉ ሰው ነው፤ ደንበኞቹ ናቸው መሳቂያ የሚሆኑት። ተደስቼ አነበብኩት። ነገር ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። መሪው እንዲህ ያለ ጠለቅ ያለ አእምሮ የተሰጠው የደራሲውን ቋንቋ በደራሲው አጠራር ስለሚናገር አይደለምን? በሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ ጽሑፉ ከደንበኛው ወንበር ወደ መሪው ወንበር ተሻገረ፤ የተሻገረው ግን መሪው የሀገር ልጅ በሆነበት ባሕር ላይ ነው። ስለ ፓኑኮ፣ ስለ ሳን ሁዋን፣ ወይም በኛው አህጉር ታርፖን ስለሚጠመድበት የአንጎላ ኩዋንዛ ወንዝ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጄ አልገባም።

ግሬይን አታንብቡት እያልኩ አይደለም። እንዲያውም መጽሐፉ የባለቤትነት ዘመኑ ስላለፈ በነፃ ይገኛልና ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ያማረ ነው፣ ድርሰቱም አጭር ነው። ግሬይ ስለ ራሱ ሐቀኛ ነው። ለመግደል ያደረበትን ጉጉት አይሸፋፍንም፤ ረጅም ትግል ታግሎ ዓሣው እጁ ሳይገባ ማምለጡንም እንደ ጀግንነት አያስጌጠውም፤ ሐዘኑን ከመግቢያው ላይ ያስቀምጠዋል። ዓሣ ስላልያዘበት ቀን መጻፍ ራሱ ጨዋነት ነው፤ የኔ ሰዎች ስለጠፋ በሬ እንጂ ስለጠፋ ዓሣ ሲያዝኑ አላየሁም፣ ግን ሐዘኑ ገብቶኛል። ቅሬታዬ ሐቀኝነቱ ታንኳው ጭራ ላይ፣ እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ማብቃቱ ነው። ገነት አድርጎ የሳላት ታምፒኮም መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ከዓለም ታላላቅ የነዳጅ ወደቦች አንዷ ነበረች፤ አታላኖም ሆነ ብርቱካን ጫኞቹ ዕለት ዕለት የሚያዩት ወንዝ ከግሬይ ወንዝ ሳይለይ አይቀርም።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ «ታዲያ ሰውየው ምን እንዲጽፍ ኖሯል የምትፈልገው? ስፓኒሽ አይችል፣ የሰው ሆድ ውስጥ አይገባ» አለኝ። የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ቀትር ላይ፣ መገላበጡ ሲያበቃ፣ አታላኖ ቀዘፋውን ገታ አድርጎ ወንዙን ሲመለከት የሚያሳይ አንድ አንቀጽ። ነፋሱን ይሁን፣ የውሃውን ቀለም ይሁን፣ የወፎቹን አቅጣጫ ይሁን፣ ምን አይቶ ወደዚያች ጠባብ ውሃ አፍ እንዳቀና። ለዚህ ስፓኒሽ አያስፈልግም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ማየት ይበቃ ነበር። አንቀጹ ቢኖር ኖሮ ለድርሰቱ ከአሥር አሥር እሰጠው ነበር። አሁን ሰባት ሰጥቼዋለሁ፤ ከሰባቱ አራቱ የአታላኖ ናቸው።